በኤክሞ ላይ የደም ፍሰት ሲወርድ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ኤክሞ (ደምን ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ መሣሪያ) የተገጠመለትን ታካሚ ለሚከታተሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ኤሌክትሪኩ፣ ባትሪውና የኦክስጅን መስመሩ ቀድመው መታየታቸውን እንደታወቀ ወስጃለሁ።

ምልክት፦ የፓምፑ ዙር ሳይለወጥ ፍሰቱ ይወርዳል፤ ቱቦው ይንዘፈዘፋል

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሴንትሪፉጋል (በመሽከርከር የሚሠራ) ፓምፕ የሚገፋው የደረሰውን ደም ብቻ በመሆኑ፣ የሚመጣለት ደም ሲያንስ የደም መልሱን ግድግዳ ወደ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ወደገባው ቱቦ) ቀዳዳዎች ይስብና ይደፍናቸዋል፤ ግድግዳው ሲላቀቅ ደሙ እንደገና ይገባል። ቱቦውን የሚያንዘፈዝፈው ይህ መፈራረቅ ነው። ፍሰቱ ወረደ ብሎ ወዲያውኑ ዙር መጨመር እጅግ የተለመደና እጅግ ጎጂ ስሕተት ነው፤ ስበቱ ይበረታል፣ ፍሰቱ ይብሱን ይወርዳል፣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈርሳሉ። የመሳቢያው ግፊት ከ−100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ወርዶ እንዲቆይ አትፍቀዱ። ሽንቱ ከቀላ ወይም በፕላዝማው ውስጥ ያለው ነጻ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ50 ሚሊግራም ካለፈ፣ ደሙ እየፈረሰ ነው።

በመጀመሪያ መንዘፍዘፉ እስኪቆም ዙሩን በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ ፍሰቱ በዝቅተኛው ዙር ይሻሻላል። ነገር ግን ደሙን ወደ ደም ቅዳ በሚመልሰው በቪኤ ኤክሞ ላይ ዙሩ ከመጠን በላይ ከወረደ ደም ወደ ኋላ ስለሚፈስ፣ የፍሰቱን ቁጥርና የታካሚውን የደም ግፊት ሳታዩ አትቀንሱ።

ቀጥሎ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ ቱቦውን ከብሽሽት እስከ ፓምፑ በእጃችሁ ተከተሉ። አንድ ታካሚ ሌሊት ጎኑ ከተቀየረለት በኋላ ፍሰቱ ወረደና ፈሳሽ በላይ በላዩ ተሰጠው፤ ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ግን ጭኑ ታጥፎ ቱቦውን አጥፎት ተገኘ። እግሩ ሲዘረጋ ፍሰቱ ወዲያው ተመለሰ፤ ያ ሁሉ ፈሳሽ ግን አስቀድሞ በታመመው ሳንባ ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆነ። ጎን በተቀየረ ቁጥር ቱቦውን ብቻ የሚይዝ አንድ ሰው ሊመደብ ይገባል። ላብ ሲነካው የሚላቀቅ ርካሽ ፕላስተርም ካኑላን ለመያዝ አይታመንም።

ቱቦው ካልታጠፈ የማዕከላዊ ደም መልስ ግፊትን አንብቡ። ዝቅ ካለ የደም መፍሰስን ፈልጉ፤ የጎደለውንም ተኩ። ከፍ ካለ ግን ፈሳሽ ከመጨመራችሁ በፊት ደረት ውስጥ የታመቀ አየር፣ በልብ ዙሪያ የተጠራቀመ ደም ወይም የሆድ ግፊት እንዳለ መርምሩ። ልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በነበረ ሌላ ታካሚ ላይ ግፊቱ እየጨመረ ሳለ ፈሳሽ መታዘዙ ቀጥሎ ነበር፤ ልቡን የጨመቀውን ደም ያሳየው የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ነው። ሳልና መወራጨትም ፍሰትን ይቆርጣሉ። ካኑላው ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ከውጭ የቆየውን ክፍል መልሳችሁ ወደ ውስጥ በፍጹም አትግፉ።

ሌሎች ምልክቶች

ከኦክሲጅኔተሩ (ለደሙ ኦክስጅን ከሚሰጠው ክፍል) በፊት ያለው ግፊት ብቻ ከጨመረ ኦክሲጅኔተሩ ውስጥ ደም እየረጋ ነው፤ ለመቀየር ተዘጋጁ። በፊትም በኋላም ከጨመረ የመመለሻው መስመር ታጥፏል፣ ተዘግቷል፣ ወይም የታካሚው የደም ግፊት ከፍ ብሏል።

ፍሰቱ በአሉታዊ ቁጥር ከታየ፣ በመጀመሪያ እውነተኛ የኋሊት ፍሰት አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ የሴንሰሩን ቀስት አቅጣጫ ተመልከቱ።

ደሙን ወደ ደም መልስ በሚመልሰው በቪቪ ኤክሞ ላይ የታካሚው ኦክስጅን እየወረደ ወደ ፓምፑ የሚገባው ደም ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ የተመለሰው ደም ተመልሶ እየተሳበ ነው፤ የካኑላዎቹን ርቀት በምስል አረጋግጡ።

በቪኤ ኤክሞ የልብ ምት ሲደክም በክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ላያነብ ስለሚችል በደም ቅዳ መስመር (ደም ቅዳ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን በሚለካው ቀጭን ቱቦ) ተማመኑ። ካኑላው በብሽሽት ከገባ መስመሩ በቀኝ እጅ ይሁን፤ የልብ ምት ሲያገግም ከታመመ ሳንባ የሚወጣው ኦክስጅን ያነሰው ደም ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ካኑላው ያለበት እግር ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ ሳትዘገዩ የደም ሥር ሐኪም ጥሩ።