የላም ቲቢን ሳይጠጡ እርጎ ማርጋት

ወተት የምታመጣልኝ ሴት ላሞቿ ወፍራምና ጸጉራቸው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ጤነኛ ናቸው ብዬ ነበር። ለካ በቲቢ የተያዘች ላም ሳትከሳና ሳታስል ለዓመታት ልትታለብ፣ ጀርሙም በጥሬ ወተቷ ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። እንደ ሆላንድ ያሉት የውጭ ዝርያዎችና ዲቃሎቻቸው ደግሞ ከአገራችን ላም ይልቅ በቀላሉ ይያዛሉ።

መጀመሪያ ላሞቹ ተመርምረው እንደሆነ ጠይቁ። ሐኪሙ አንገቷ ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን የሚባል የቲቢ መመርመሪያ ፈሳሽ ወግቶ፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እብጠቱን ይለካል። "ሐኪም አይቷታል" ምርመራ አይባልም።

ከዚያ አፍሉ። ፋብሪካ ወተቱን 72 ዲግሪ አድርሶ ለ15 ሰከንድ ያቆየዋል። ቤት ውስጥ ግን አረፋው ሲነሳ አታውርዱት። እሳቱን ቀንሳችሁ እያማሰላችሁ መሃሉ ይንተክተክ። ቴርሞሜትር መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

ጣጣው እርጎው ላይ ነው። ጥሬ ወተት ጥግ ቢያስቀምጡት በራሱ ይረጋል፤ የፈላ ግን እርሾ ካላገኘ እንቢ ይላል፤ ብዙ ሰው ወደ ጥሬው የሚመለሰውም ለዚህ ነው። እኔም እርሾ ከጎረቤት እየተዋስኩ ዓመት ሙሉ አረጋሁ። አንድ ቀን የእንስሳት ሕክምና የምትማረው የእህቴ ልጅ ድስቱን ገልጣ "አክስቴ፣ እርሾው ከየት ነው?" አለችኝ። የጎረቤቴ እርጎ ለካ ከጥሬ ወተት ነው! አፍልቼ አፍልቼ፣ በማንኪያ ጥሬውን እመልስበት ነበር። መኮምጠጡም የቲቢን ጀርም ለመግደል አያስተማምንም።

አሁን ከሱቅ በፓስቸራይዝድ (ፋብሪካ በሙቀት ባከመው) ወተት የተሠራ፣ ስኳር የሌለው እርጎ እገዛለሁ። የፈላው ወተት ትንሿ ጣት እስክትችለው ይበርዳል፤ ለአንድ ሊትር ሁለት ማንኪያ ጨምሬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ አሳድራለሁ። ከዚያ በኋላ እርሾው ከራሴ ነው። ጮጮውን በወይራ ማጠን ለጣዕም ግሩም ነው፤ የፈላ ውሃን ግን አይተካም።

የሚያልብና በረት የሚጠርግ ሰው በትንፋሽም ሊያዝ ስለሚችል ወተት ማፍላት ብቻ አይበቃውም፤ በረቱ አየር ያግኝ። አንገት ላይ የማይጠፋ እጢ ወይም ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱና "ጥሬ ወተት እጠጣለሁ" ወይም "ላም አልባለሁ" በሉ። ምክንያቱም ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ቲቢ መኖሩን እንጂ የላም መሆኑን አይለይም፤ ከተለመዱት መድኃኒቶች አንዱ ፒራዚናማይድ ደግሞ በላም ቲቢ ላይ አይሠራም።