ማርሽ አልገባ ሲል፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ደሴ ውስጥ ማርሹ ያስቸገረ መኪና ይዘው ጋራዥ ሲገቡ ቶሎ የሚሰሙት ቃል «ካምቢዮው ይውረድ» ነው። አይቸኩሉ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ማውረድ ብዙ ሥራ፣ ብዙ ወጪ ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም። በተለይ የድሮ ኮሮላና ላዳ የመሳሰሉ ማኑዋል መኪኖች ያሏችሁ ይህን ልብ በሉ።

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ፍሪሲዮን ረግጠው ከአንደኛ እስከ ኋላ ማርሽ አንድ በአንድ ያስገቡ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ይድገሙት። ሞተር ጠፍቶ በቀላሉ የገባው ማርሽ ሞተር ሲነሳ እምቢ ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ እየለየ አይደለም ማለት ነው። ሞተር ጠፍቶም ካስቸገረ ግን ጣጣው ወይ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ወይ ካምቢዮው ውስጥ ነው።

የኋላ ማርሽ ጥሩ ምስክር ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይጋጭ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ቀለበት) የለውም። ፍሪሲዮን ረግጠው ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ሲያስገቡት ግርርር ካለ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም።

ፍሪሲዮን አልለቅ ሲል

በዘይት የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍተው የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያውን ይዩ። ጎድሎ ከሆነ መሙላት ብቻ አይበቃም፣ የሆነ ቦታ ወጥቷል። ከፔዳሉ በላይ፣ ዘንጉ ማስተሩ (ዘይቱን የሚገፋው የላይኛው ሲሊንደር) ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ። ከረጠበ ማስተሩ ያፈሳል። ካምቢዮው ጎን ካለው ከታችኛው ሲሊንደር ላይ የጎማ ሽፋኑን በቀስታ ገለጥ ያድርጉ። ዘይት ጠብ ካለ ጎሚኒው (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) አልቋል። ፔዳሉን ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ የሚገባ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የማስተሩ ጎሚኒ ግፊት አይዝም። አየሩን ያስወጡ፣ ጎሚኒውን ያስቀይሩ። ይህ ሁሉ ካምቢዮ ሳይወርድ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አደራ፣ እዚያ ውስጥ የሞተር ዘይት እንዳይጨምሩ። ጎሚኒዎቹ አብጠው ሁሉም ይበላሻል። የሚገባው የፍሬን ዘይት ነው፣ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ክዳኑ ላይ ተጽፏል።

በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ተለጥጦ ይሆናል። ማስተካከያ ብሎኑን ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፔዳሉ ላይ ትንሽ ላላ ያለ ቦታ መቅረት ግን አለበት። ከልክ በላይ ከጠበቀ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መንሸራተት ይጀምራል።

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም

ይህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ላይ ይጋለጣል። ከኮምቦልቻ፣ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስተው ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣሉ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሾፌሩም በግማሽ ፍሪሲዮን ይደግፈዋል፣ ዲስኩም ይበላል። የደሴ ዳገትና የሰኞ ገበያ ግርግር ሲጨመርበት የእኛ አገር ፍሪሲዮን ቶሎ ቢያልቅ አይገርምም።

ለመፈተሽ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ይዘው ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ። ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። እየጮኸ ከቀጠለ ዲስኩ አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ደጋግመው አይሞክሩት፣ የቀረችውን ይጨርሷታል። እዚህ ጋር ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም።

ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ሲል

በደሴ ብርድ የካምቢዮ ዘይት ይወፍራል። ትንሽ ከተነዳ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፣ ግን ዘይቱን ያስዩ። አንዳንድ ቦታ ያገኙትን ዘይት ይሞላሉ። ለብዙ አሮጌ ካምቢዮ የሚታዘዘው ጂኤል-4 75 ደብሊው-90 (GL-4 75W-90) የተጻፈበት ዘይት ነው፣ የእርስዎን ግን ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ። ጂኤል-5 የተጻፈበትን «ከፍ ያለ ነው» ብለው ቢሸጡልዎ አይቀበሉ፤ ለነሐስ ሲንክሮናይዘር ሁልጊዜ አይስማማም። ዘይት ሲያስቀይሩ ከመፍሰሻው በፊት የመሙያው ብሎን ይከፈት። መሙያው እምቢ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዘው አይቀሩም። የወጣውን ዘይት በጣትዎ አሽት አሽት ያድርጉት። ልሙጥ ወርቃማ ብናኝ የሲንክሮናይዘር እርጅና ነው፣ ያለ ነው። ጥፍር የሚይዘው የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ (ቤሪንግ) እየተበላ ነው።

ሞቆም አንድ ማርሽ ብቻ ግርርር የሚል ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር አልቋል። እስኪሠራ ድረስ ፍሪሲዮን ረግጠው ወደ ዜሮ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ይመልሱ፣ ለቀው እንደገና ረግጠው ማርሽ ያስገቡ። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ዕድሜያቸውን በዚህ ነው የነዱት።

ማርሽ ሲተፋ

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቁ የማርሽ ዘንጉ ወደ ዜሮ ከተመለሰ መጀመሪያ ሞተሩንና ካምቢዮውን የያዙትን ሳፖርቶዎች ያስፈትሹ። ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዝ ከሆነ ጎማቸው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ በሁሉም ማርሽ ላይ ላላ ካለ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ አልቃለች፣ ርካሽ ናት። እነዚህ ደህና ከሆኑ ችግሩ ውስጥ ነው። እስኪሠራ ድረስ በዚህ መኪና ሐረጎን አይውረዱ፤ በዜሮ መውረድ ፍሬኑን አቃጥሎ ያለ ፍሬን ያስቀራል።

ድምፅም ይናገራል። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። በዜሮ ቆሞ የሚያጉረመርም፣ ሲረግጡት ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ዲስኩን፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታውንና የሞተሩን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ አንድ ላይ ያስቀይሩ፣ የእጅ ዋጋው ያው ነው። አሮጌውን ዕቃም «ስጡኝ» ብለው ይቀበሉ።