ኦዲሽን ላይ ካልተመረጡ በኋላ፦ ወረቀቱን መጻፍ፣ አጭሩን መተዋወቂያ ማሰናዳት

ከኦዲሽን (ከተዋናይ መምረጫ ፈተና) ክፍል እንደወጣችሁ፣ ውጤቱ ሳይነገራችሁ በፊት፣ የሆነውን ጻፉ። «አልተመረጣችሁም» የሚለው መልስ ከመጣ በኋላ ትዝታው ይበላሻል። ዳኛው ስልኩን ያየበት ቅጽበት ንቀት ሆኖ ይታያችኋል፤ ፈገግ ያለበትም ፌዝ ይመስላችኋል።

አንድ ገጽ ይበቃል። በቅደም ተከተል አስቀምጡት፦ እነማን ነበሩ፣ መጀመሪያ ምን ጠየቁ፣ የት ላይ አስቆሟችሁ፣ ምን እርማት ሰጡ፣ ከእርማቱ በኋላ ምን ለወጣችሁ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። «አልወደዱኝም» ግምት ነው። «ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ በቃ አሉኝ» ግን የሆነ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ውጭ ረጅም ሰልፍ ካለ ዳኞች የሚፈልጉትን እንዳዩ ያስቆማሉ።

ቀጥሎ ገጹን አንብቡና በእጃችሁ ያልነበረውን ሰርዙ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ አስቀድሞ ከተመረጠው ተዋናይ ጋር እንደ ወንድምና እህት መመሳሰል አለመመሳሰል፣ የቀረጻው ጊዜ ከእናንተ ጊዜ ጋር መጋጨቱ፣ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ተዋናይን ያስቀራሉ፤ በልምምድም አይስተካከሉም። ከተረፈው ውስጥ ለሚቀጥለው ኦዲሽን የምትሠሩበትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አምስቱን ባንዴ ላስተካክል ያለ ሰው ክፍሉ ውስጥ ራሱን ሲቆጣጠር ነው የሚውለው፤ ትወናው ይረሳል።

አስተያየት መጠየቅ ከፈለጋችሁ ውሳኔው ከታወቀ በኋላ አንድ አጭር መልእክት ላኩ። «ለምን አልመረጣችሁኝም?» የሚል ጥያቄ ለክርክር ስለሚጋብዝ ብዙዎች ይዘሉታል። «ለቀጣይ ምን ላይ ልሥራ?» የሚለውን መመለስ ይቀላል። መልስ ካልመጣ ደግማችሁ አትላኩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹት

ቃለ ተውኔቱን ከአንድ ዓይነት ዜማ ጋር አጣብቆ መሸምደድ ዋናው ነው። አዘጋጁ «እስቲ አሁን ንዴቱን ቀንሰው» ሲል ያው የቀድሞው ይወጣል፤ ቃሉና ስሜቱ አብረው ስለተጠኑ አይላቀቁም። መጀመሪያ ያለ ምንም ስሜት፣ እየተራመዳችሁ ወይም ሌላ ሥራ እየሠራችሁ፣ ቃሉን ብቻ አጥኑ። ከዚያ ያንኑ ክፍል በሦስት ፍላጎት ተጫወቱት፦ አንዴ እየለመናችሁ፣ አንዴ አንድ ነገር እየደበቃችሁ፣ አንዴ ለመሄድ እየቸኮላችሁ። ዳኞች እርማት የሚሰጡት ሁልጊዜ ስላጠፋችሁ አይደለም፤ መታዘዝ መቻላችሁን ለማየትም ነው። ስለዚህ ለውጡ በግልጽ መታየት አለበት።

ሌላው ማዳመጥ ነው። የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል የሚያነብላቸው ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ የሚተክሉ ብዙ ናቸው። ወረቀቱን ደረት ከፍታ ላይ ያዙ፣ አውራ ጣታችሁ የእናንተ ቀጣይ መስመር ላይ ይሁን፣ እሱ ሲናገር እሱን እዩት። መስመራችሁን ለማግኘት ጎንበስ ስትሉ የምትፈጠረው ትንሽ ዝምታ አትጎዳም።

ድምፅን በተመለከተ፣ ከመድረክ የመጡ ተዋንያን ካሜራ ፊት ይጮኻሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ካሜራው ፊታችሁን ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ሰውነታችሁን የሚይዘው ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ እንዲያውም ሥራውን እንደምታውቁ ያሳያል። የመጨረሻውን መስመር ከጨረሳችሁ በኋላም ሁለት ሰከንድ በገጸ ባሕርዩ ውስጥ ቆዩ። ወዲያው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ተዋንያን ዳኛው ያላየውን ስህተት ራሳቸው ይነግሩታል። «ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ መጀመርም ከዚህ አይሻልም።

«እስቲ ስለ ራስህ ንገረን»

ብዙ ሰው ሳይለማመድ የሚገባባት ይህች አንድ ደቂቃ ናት። 60 ሰከንድ ከተሰጣችሁ ለ45 አዘጋጁ፤ በድንጋጤና በመተንፈሻ የሚሄድ ጊዜ አለ። አራት ነገር ይኑራት፦ ስማችሁና የምትሠሩት፣ አንድ የሠራችሁት ተጨባጭ ሥራ፣ ሥራው ምን እንዳስቻላችሁ፣ ለምን ይህን ሚና እንደፈለጋችሁ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ስጡ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ትወና እወዳለሁ» የሚለውን አውጡት። ከእናንተ በፊት የገባውም ብሎታል፤ ከእናንተ በኋላ የሚገባውም ይለዋል። በምትኩ እንዲህ ያለ ነገር ይቀመጥ፦

«ስሜ እገሌ ነው፤ የመድረክ ተዋናይ ነኝ። ባለፈው ዓመት በሁለት ሰው ተውኔት ውስጥ አንድም ቃል የማይናገር ወንድም ሆኜ ተጫውቻለሁ። አርባ ደቂቃ ያለ ቃል መቆየት ማዳመጥ አስተምሮኛል። የእናንተ ታሪክ ውስጥ ያለው ዘበኛም ከሚናገረው የሚሰማው ይበዛል። ለዚህ ነው ሚናውን ልሞክረው የመጣሁት። አመሰግናለሁ።»

ይህ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ሊጠይቁት የሚችሉትንም ነገር ይሰጣቸዋል። ልምድ ከሌላችሁ የወሰዳችሁትን ሥልጠና ወይም ያላችሁን ችሎታ ተናገሩ፤ ግን እዚያው «አሳየን» ቢሏችሁ ማሳየት የምትችሉትን ብቻ።

ዓረፍተ ነገሮቹን አሳጥሩ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰሚው ሐሳቡን ለመያዝ እስከዚያ ይጠብቃል፤ ተናጋሪው ደግሞ ድምፁን የሚጥለው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ግሡ ሲዋጥ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ይዋጣል። ስትለማመዱ የመጨረሻውን ቃል እንደ መጀመሪያው አጥርታችሁ ተናገሩ።

ልምምዱ ሰዓት ተይዞ ጮክ ተብሎ ነው፤ በልብ ማንበብ ሁልጊዜ ያጥራል። በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ ቅዱና «ማለት ነው»፣ «ያው»፣ «እና ደግሞ» ስንት ጊዜ እንደገቡ ቁጠሩ። ቪዲዮውን ቆየት ብላችሁ ቅዱ፤ ከመጀመሪያው ቪዲዮ ካያችሁ መልካችሁን እንጂ ንግግራችሁን አታዳምጡም።

ቃል በቃል የሚሸመደዱት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው። መሃሉን በነጥብ ያዙት፤ ሙሉውን የሸመደደ ሰው መሃል ላይ ጥያቄ ሲመጣበት መመለሻው ይጠፋዋል። ይህንንም ተለማመዱት፦ ጓደኛችሁ 15ኛው ሰከንድ ላይ በጥያቄ ያቋርጣችሁ። መልሱና ወደ ቀረው ነጥብ ሂዱ። ጥያቄው ወደ ሌላ ከወሰዳችሁ ያልተነገረውን ተዉት፤ ጨዋታ ከተጀመረ ያዘጋጃችሁት ነገር ሥራውን ሠርቷል። «ባጭሩ» ለሚሉም የ15 ሰከንድ ቅጂ ይኑራችሁ፦ ስም፣ አንድ ሥራ፣ ምስጋና።

ዋዜማው ላይ ጽሑፉን አትነካኩ። በዕለቱ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት፤ በሩ ላይ ቆሞ ደጋግሞ ማጉረምረም የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያደርቀዋል። ስትወጡ ደግሞ ባዶ ገጽ ይጠብቃችሁ። ሦስት አራት ገጽ ሲጠራቀም አስተያዩዋቸው፦ በእያንዳንዱ ላይ የተደጋገመው ነው የእናንተ ሥራ፤ አንዴ ብቻ የታየውን እለፉት።