መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ለምን ፓስዎርድ ያበዛል?

የአክስቴ ልጅ ጎንደር ፒያሳ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አንድ ቀን ከሰዓት አንድ ሽማግሌ የመሬት ማመልከቻ ያስጽፏታል። መሀል ላይ መብራት እልም አለ። ፕሪንተሩ ጸጥ ሲል ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ሰውየው ጊዜ አገኙና የድንበሩን ነገር ከአያታቸው ጀምረው ማስረዳት ያዙ። እሷ እጇን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ስትሰማ ስክሪኑ ጨለመ። ነካ ስታደርገው ፓስዎርድ ጠየቀ። አስገባች። እሳቸው ወደ አጎታቸው ተሻገሩ፣ ስክሪኑ እንደገና ጨለመ። በሦስተኛው ላይ «ልጄ፣ ይችንም እንደ መሬቴ ሌላ ሰው ያዛት እንዴ?» አሏት።

ማታ ደውላ «ፓስዎርዱን ጭራሽ አጥፋልኝ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። የሰው መታወቂያ ስካን ተደርጎ የሚቀመጥበት ማሽን ያለ ቁልፍ አይተውም። ደግሞም ጥፋቱ የፓስዎርዱ አልነበረም።

ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች አሉ። አንዱ ስክሪኑ መቼ እንደሚጠፋ ይወስናል። ሌላው ስትመለሱ ፓስዎርድ መቼ እንደሚጠየቅ ይወስናል። ብዙ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ስለሚያስብ አንዱን እየነካካ የሌላውን መፍትሄ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምላችሁ በዋናነት ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

መብራት ሲኖር ሰላም፣ ሲሄድ ብጥብጥ

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ለቻርጀር አንድ፣ ለባትሪ ሌላ ደቂቃ ይይዛል። የባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል። መብራት በሄደባት ቅጽበት ላፕቶፑ ወደ አጭሩ ቆጠራ ይዞራል፤ እናንተ ግን ምንም አልነካችሁም።

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ የፓወርና የባትሪውን ገጽ (በዊንዶውስ 10 የፓወርና የእንቅልፉን) ክፈቱ። ስክሪን የሚጠፋበትና ማሽኑ የሚተኛበት ደቂቃ ለባትሪና ለቻርጀር ለየብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የባትሪውን ማስረዘም ይቻላል። እኔ ግን ብዙም አልመክርም። ባትሪ ከሚበሉት ነገሮች ስክሪኑ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። መብራት መቼ እንደሚመጣ በማታውቁበት ሰዓት ስክሪኑ ቶሎ ቢጠፋ ጥሩ ነው። ይጥፋ። መዘግየት ያለበት ጥያቄው ነው።

ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር ይጠይቃል

ዋናው ቦታ ይሄ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ»። ወደ ታች ስትወርዱ፣ ከማሽኑ ርቃችሁ ስትመለሱ መቼ እንደገና ግቡ ልበላችሁ የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ የምታዩት ምርጫ እንደ ላፕቶፑ ይለያያል፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

በቆዩት ላፕቶፖች ላይ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፦ በጭራሽ፣ ወይም ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃ። በእነዚህ ላይ ስክሪን መጥፋትና ማሽን መተኛት የተለያዩ ናቸው። ስክሪኑ ብቻ ከጠፋ በዚህ ምክንያት ፓስዎርድ አይጠየቅም። ስለዚህ ስክሪኑን በ3 ደቂቃ፣ እንቅልፉን በ30 ደቂቃ ብታደርጉት ይበቃል።

አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ሌላ ዓይነት እንቅልፍ አላቸው፤ እንደ ስልክ። ስክሪኑ ከጠፋ እንደተኙ ይቆጠራል። በእነዚህ ላይ ምርጫው ይበዛል፦ ሁልጊዜ፣ ከ1፣ ከ3፣ ከ5 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ በጭራሽ። የአክስቴ ልጅ ማሽን ከእነዚህ ነበር፤ «ኤቭሪ ታይም» ላይ ተቀምጧል። ወደ 15 ደቂቃ አዞርኩት። አሁን ስክሪኑ በ3 ደቂቃ ይጠፋል፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰች ግን ጽሑፉ እንደነበረ ይጠብቃታል። ወረቀት ልትገዛ ወጣ ስትል ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ኤል» ጋር ትጫናለች። ወዲያው ይቆለፋል።

አስተካክዬም ይቆለፋል

ሁለት ተደባቂዎች አሉ። አንዱ ስክሪን ሴቨር ነው፤ ማሽኑ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ምስል። መፈለጊያው ላይ ስሙን ጻፉና ክፈቱት። ከደቂቃው አጠገብ፣ ስትመለሱ የመግቢያውን ገጽ አሳይ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክቷን አንሱ። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይቺን ሳይፈትሽ አይለፍ፤ የድሮው ባለቤት ምልክት ተረስቶ ይቀራል።

ሁለተኛው «ዳይናሚክ ሎክ» ይባላል። እሱም «ሳይን ኢን ኦፕሽንስ» ውስጥ ነው። ላፕቶፑ በብሉቱዝ ከስልካችሁ ጋር ተገናኝቶ፣ ስልኩ ሲርቅ ይቆልፋል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ታናሽ ወንድማችሁ ስልኩን ይዞ ከወጣ ግን ተቀምጣችሁ እያያችሁት ሊቆለፍባችሁ ይችላል።

ላፕቶፑ ሲከፈት ያለ ፓስዎርድ እንዲገባ የሚያደርግ ዘዴም ከወዳጅ ትሰማላችሁ። ለዚህ ችግር አይጠቅምም። እሱ የሚሠራው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው እንጂ ከእንቅልፍ ሲነቃ አይደለም።

ምርጫው ደብዝዞ አይነካም

ገጹ ላይ ሴቲንጉ በድርጅት እንደሚተዳደር የሚገልጽ ጽሑፍ ካያችሁ፣ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ አካውንት ገብቶበታል ማለት ነው። የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ። በጓሮ በር አትታገሉት። እስከዚያው ፒን አውጡ፤ ጥቂት አሃዝ መምታት ረጅም ፓስዎርድ ከመጻፍ ይቀላል፣ የሚሠራውም በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ጣት አሻራ ካለው ደግሞ ተገላገላችሁ። ፒኑን በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች ስትመቱ ምንም ካልገባ፣ «ነም ሎክ» ጠፍቶ ነው።

ማክ ያላችሁ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ሎክ ስክሪን» የሚለውን ክፈቱ፤ ስክሪን ከጠፋ ከስንት ጊዜ በኋላ ይጠየቅ የሚለው እዚያው አለ። ኡቡንቱ ላይ «ፕራይቬሲ» ውስጥ «ስክሪን ሎክ» ነው።

ይህን ሁሉ ካስተካከልን በኋላ የአክስቴ ልጅ እንደገና ደወለች። አንድ አንቀጽ መርጣ ሳለ ስክሪኑ ጠፍቶባት፣ ለመቀስቀስ ስፔስ ተጫነች። ፓስዎርድ የሚጠይቅ ስለሌለ ስፔሱ ቀጥታ ጽሑፉ ላይ ገባ፤ አንቀጹ ድራሹ ጠፋ። «ኮንትሮል»ን ከ«ዜድ» ጋር ተጫኚ አልኳት፣ ተመለሰ። አሁን የምትቀሰቅሰው በ«ሺፍት» ነው።