ያኮረፈ ባልደረባ ካላችሁ

አለቃ ሥራውን ተችቶበት ፊቱን ያጨፈገገ ባልደረባ አለ? ጠረጴዛው ድረስ ሄዳችሁ አትለማመጡት። «ምን ሆነሃል?» ስትሉት «ምንም» ይላችኋል፤ ከዚያ ሲነጫነጭ ይውላል። ልመና ኩርፊያን ያስረዝማል።

ይልቅ ከሥራ ስትወጡ በእግር ውሰዱት። ቢሯችሁ ፒያሳ አካባቢ ከሆነ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረድ ነው። ቁልቁለት ስለሆነ አያደክምም። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ የለም፤ ያኮረፈ ሰው ደግሞ እንደዚያ ይቀለዋል። እስከ ፖስታ ቤት ያማርር፣ አታቋርጡት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ከተባልከው ውስጥ እውነት የሆነው የቱ ነው?» ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ስትደርሱ ማኪያቶ ጋብዙት። (ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብሎ ከተሟገተ ኩርፊያው ለቆታል።) በማግስቱ ጉዳዩን አታንሱበት፤ በተለይ ሰው ፊት።