ዳታቤዛችሁ ስንት ሮው እያነበበ ነው? ቁጥሩን እንዴት እንደምታነቡት

ጎጃም ውስጥ ለአንድ የገበሬዎች ማህበር የማዳበሪያ ስርጭት መመዝገቢያውን ሲስተም እኔ ነበርኩ የምከታተለው። ሰኔ ግም ሲል ዩሪያና ኤንፒኤስ ሊወስዱ አህያቸውን ይዘው ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፉ ሰዎች አሉ። መዝጋቢዋ ስልክ ቁጥራቸውን ታስገባለች፣ ስክሪኑ ይዞራል ይዞራል። አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ስሜ ጠፋ እንዴ?" ሲሏት "ኧረ አልጠፋም አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ" ስትል ሰምቼ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሷ አደለም የኔ ነው። መልሱ ሮው ሪድ (ዳታቤዙ ያነበባቸው ሮዎች፣ ማለትም የሰንጠረዥ መስመሮች ብዛት) የሚባለው ቁጥር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያልቻልኩት። እናንተ እንዳትቸገሩ የተማርኩትን ልጻፍ። የማሳያችሁ ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፣ ስለ ሌላኛው፣ ስለ ፖስትግሬስ፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

1. ቁጥሩን ሁለቴ ውሰዱ

"ሾው ግሎባል ስታተስ" በሉና "ኢኖዲቢ ሮውስ ሪድ" የሚለውን ፈልጉ፣ ቃላቱ በአንደርስኮር ተያይዘው ነው የሚመጡት። ቁጥሩ ሰርቨሩ ከተነሳ ጀምሮ ሲጠራቀም የመጣ ስለሆነ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 60 ሰከንድ ቆይታችሁ ድጋሚ ውሰዱና ቀንሱ። የኛ ልዩነት 72 ሚሊዮን አካባቢ ነበር፣ በሰከንድ 1.2 ሚሊዮን ሮው ማለት ነው። ስራ በማይበዛበት ሰአትም ለክታችሁ ያዙ፣ ማወዳደሪያችሁ የራሳችሁ ሲስተም እንጂ የሌላ ሰው ቁጥር አደለም።

2. ምን እየተቆጠረ እንደሆነ እወቁ

እኔ የወደቅኩት እዚ ላይ ነው። "ሪድ" የሚለውን ሳይ ዲስክ መስሎኝ ራም ይጨመር ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ካለችው በጀት ላይ ተገዛ፣ ገጠምነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ቁጥሩ ሮው በተነበበ ቁጥር ይጨምራል፣ ከሚሞሪ ይምጣ ከዲስክ አይለይም። የኛ ዳታ ደግሞ መጀመሪያውኑም ሙሉ በሙሉ ባፈር ፑል (ማይኤስኪውኤል ዳታ የሚይዝበት ሚሞሪ) ውስጥ ነበር፣ የሚሰቃየው ሲፒዩው ነው። ከዲስክ የሚነበበውን ለማየት "ኢኖዲቢ ባፈር ፑል ሪድስ" የሚለውን አብራችሁ እዩት፣ የኛ ምንም አይነቃነቅም ነበር። ስለዚ ይሄን ሳታዩ ዕቃ አታስገዙ።

3. ስንት አንብቦ ስንት መለሰ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ድሮ የወረቀት መዝገብ በነበረ ጊዜ የአንድን ገበሬ ስም ለማግኘት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መግለጥ ይቻላል፣ ወይም በፊደል ተራ የተዘጋጀውን ማውጫ ከፍቶ በቀጥታ ገጹ ላይ መሄድ ይቻላል። ሁለቱም ሰውየውን ያገኙታል፣ መልሱ አንድ ነው፣ ድካሙ ግን ሌላ። ዳታቤዝም እንደዛው ነው፣ ትክክለኛ መልስ ስለመጣ ብቻ ስራው በአግባቡ ተሰርቷል ማለት አደለም።

ማይኤስኪውኤል ስለራሱ ስራ የሚመዘግብበት "ፐርፎርማንስ ስኪማ" ውስጥ "ኢቨንትስ ስቴትመንትስ ሰመሪ ባይ ዳይጀስት" የሚባል ሰንጠረዥ አለ። እሱ ላይ ለያንዳንዱ የኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) አይነት ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ ስንት ሮው እንደመረመረ ("ሰም ሮውስ ኤግዛሚንድ") እና ስንቱን ለጠያቂው እንደላከ ("ሰም ሮውስ ሴንት") ይገኛል። በመረመረው ብዛት ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩትና የመረመረውን ለላከው አካፍሉ። እኛ ጋ አንደኛ ላይ የወጣው በስልክ ቁጥር የሚፈልገው ኩዌሪ ነበር፣ 15 ሮው ለመመለስ በየጊዜው 1.2 ሚሊዮን ሮው ይመረምራል፣ የስርጭት ሰንጠረዡን ከላይ እስከታች ማለት ነው። ይሄ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲጠራ ያው 72 ሚሊዮኑ መጣ፣ ሂሳቡ ሲገጥም የት እንዳለሁ ገባኝ።

ስሎው ሎግ (የዘገዩ ኩዌሪዎች የሚመዘገቡበት) የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ፣ ግን ካልቀየራችሁት ገደቡ 10 ሰከንድ ነው፣ የኛ ኩዌሪ ደግሞ 4 ሰከንድ ነበር የሚፈጀው፣ ስለዚ ሎጉ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ሳየው ኩዌሪዎቹ ጤነኛ ናቸው ብዬ ደመደምኩ፣ ሰልፉ ግን እየረዘመ ነው። ገደቡን ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት።

ግን ቁጥሩ በበዛ ቁጥር አትደንግጡ። "በወረዳው ስንት ኩንታል ዩሪያ ተሰራጨ" የሚል ሪፖርት ብዙ ሺ ሮው አንብቦ አንድ ሮው ነው የሚመልሰው፣ ስራው ነው። የሌሊት ባክአፕም ሁሉንም ያነባል። አስር ምናምን ሮው ያላት የማዳበሪያ አይነት ሰንጠረዥም ሙሉ ብትነበብ ምንም አደለም።

4. ለምን እንደሚያነብ በኤክስፕሌን ጠይቁት

የስልክ ቁጥሩ ኮለም (አምድ) ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም ቅድም ያልኩት አይነት ማውጫ፣ አለ፣ እኔው ነኝ የሰራሁት። ኤክስፕሌን (ኩዌሪውን እንዴት እንደምትሰራው ንገረኝ ማለት ነው) ስለው ግን "ፖሲብል ኪስ" ላይ የኢንዴክሱ ስም አለ፣ "ኪ" ላይ ነል (ባዶ)፣ "ታይፕ" ላይ "ኦል" (ሁሉንም ማንበብ)። አውቆታል ግን አልተጠቀመበትም። "ሾው ዋርኒንግስ" ስል 1739 የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፣ የዳታ አይነት ስለማይገጥም ኢንዴክሱን መጠቀም አልቻልኩም ነው የሚለው። ስልክ ከፊቱ 09 ስላለው ዜሮዋ እንዳትጠፋ በጽሁፍ አይነት ነው ያስቀመጥነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ያለ ጥቅስ ምልክት እንደ ቁጥር ይልከዋል። ማይኤስኪውኤል ለማነጻጸር እያንዳንዱን ስልክ ወደ ቁጥር ይቀይራል፣ ለዛ ደግሞ ሁሉንም ማንበብ አለበት። ውጤቱ ልክ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

ኮለሙን በፋንክሽን መጠቅለል (ቀኑን በ"ዴት" ውስጥ ማስገባት አይነት) እና ላይክ (በከፊል ጽሁፍ የሚፈልገው) ላይ ከፊት የፐርሰንት ምልክት ማድረግም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣሉ።

5. አስተካክላችሁ ድጋሚ ለኩ

ፕሮግራሙ ስልኩን እንደ ጽሁፍ እንዲልክ አደረግን፣ አንድ መስመር ነው። በደቂቃ ከ72 ሚሊዮን ወደ 1,000 አካባቢ ወረደ። እባካችሁ ኮለም ባያችሁ ቁጥር ኢንዴክስ አትደርድሩ፣ እያንዳንዱ ምዝገባ ኢንዴክሶቹን በሙሉ ማደስ ስላለበት መጻፉን ያዘገየዋል።

ፖስትግሬስ ለምትጠቀሙ

"ፒጂ ስታት ዳታቤዝ" ላይ "ታፕ ሪተርንድ" የሚለው ስሙ ያሳስታል፣ ለጠያቂው የተመለሰ ሳይሆን በስካን (ሰንጠረዡን ወይም ኢንዴክሱን በማሰስ) የተነበበ ነው። እኔ የምመርጠው "ፒጂ ስታት ዩዘር ቴብልስ"ን ነው፣ "ሴክ ታፕ ሪድ"ን ለ"ሴክ ስካን" (ሰንጠረዡ በተራ የታሰሰበት ጊዜ ብዛት) አካፍሉት፣ በአንድ ስካን በአማካይ ስንት ሮው እንደሚነበብ ታገኛላችሁ። ትልቅ ሰንጠረዥ ላይ "ሴክ ስካን" በስራ ሰአት ቶሎ ቶሎ ከጨመረ ከሱ ጀምሩ። የስልኳ አይነት ስህተት ግን እዚ አትደበቅም፣ የጽሁፍ ኮለምን ከቁጥር ጋር ስታነጻጽሩ ፖስትግሬስ ኤረር ይሰጣችኋል።