የፋርማሲ መምህራን የኅትመትና የጥቅስ ቁጥር አልታረቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

የአንድ መምህር ጽሑፎች በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ሲታይ፣ የጉግል ስኮላር (የጉግል የምሁራዊ ጽሑፎች መፈለጊያ) ቁጥር ከስኮፐሱ (የተመረጡ ኅትመቶች የመረጃ ቋት) ቢበልጥ ብልሽት አይደለም። ስኮፐስ መርጦ ካስገባቸው ኅትመቶች የመጡ ጥቅሶችን ብቻ ሲቆጥር፣ ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንና ገና ያልተገመገመ ጽሑፍን ጭምር ይቆጥራል። ምንጩንና ቁጥሩ የታየበትን ቀን ቁጥሩ ከሰፈረበት ሠንጠረዥ ሥር ጽፎ ማለፍ ይበቃል፤ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ግን ትርጉም የለውም።

ምልክት፦ የአንድ መምህር ሥራ በስኮፐስ ጎድሎ፣ በጉግል ስኮላር ተትረፍርፎ ይገኛል

ደሴ ላይ የፋርማሲ መምህራንን መረጃ ባጣራን ቁጥር የሚመጣው ይህ ነው፤ መንስኤው ስም ነው። የመረጃ ቋቶቹ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዳለው ቆጥረው በመጨረሻው ስም ይመድባሉ፣ እኛ ግን ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። ሰይድ መሐመድ አሊ የሚባል መምህር አለ እንበል። አንዱን ጽሑፍ በአባቱ ስም ጨርሶ ሌላውን እስከ አያቱ ቢያደርሰው፣ አንዴ በ«መሐመድ»፣ አንዴ በ«አሊ» ይመዘገባል። መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፍ መካከሉ ላይ አንድ «ኤም» የሚያስገባም ሁለት የሚያስገባም አለ። ጽሑፉን ለጆርናሉ የሚልከው ባልደረባ ደግሞ ሳይጠይቅ የመሰለውን ስለሚሞላ፣ ባለቤቱ ስሙን የሚያየው ከታተመ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት የአንዱ ሰው ሥራ በሁለት ፕሮፋይል (የደራሲው ጽሑፎች በሚዘረዘሩበት ገጽ) ይከፈላል። ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በአንዱ ፕሮፋይል 30፣ 9፣ 7 እና 4 ጊዜ፣ በሌላው 12፣ 8፣ 6 እና 5 ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎች ቢኖሩ በእያንዳንዱ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች ስላሉ ኤች-ኢንዴክሱ 4 ነው፤ ሲዋሐዱ ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች ስለሚኖሩ 6 ይሆናል። አንድ ኮሚቴ አራትና አራትን ደምሮ 8 ብሎ በቃለ ጉባኤ አስፍሮ አይተናል። የጥቅስ ብዛት ይደመራል፤ የፊዚክስ ተመራማሪው ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኤች-ኢንዴክስ ግን ጽሑፎቹ በአንድነት ተደርድረው እንደገና ይሰላል እንጂ አይደመርም።

ጉግል ስኮላር በተቃራኒው የሌላ አገር ሰይድ መሐመዶችን ሥራ በራሱ ጊዜ ይጨምራል። ስለ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አስተዛዘዝ በሚመራመር መምህር ፕሮፋይል አናት ላይ ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ የተጻፈ ጽሑፍ ተቀምጦ አግኝተናል። «ሲስተሙ ነው ያስገባው» የሚለው መልስ ለደረጃ ዕድገት ማመልከቻ አያገለግልም፤ ፕሮፋይሉን የሚያጸዳው ባለቤቱ ነው።

መፍትሄው የሚጀምረው አንድ የስም አጻጻፍ መርጦ አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለየውን፣ 16 አኃዝ ያለውን የኦርኪድ መለያ በማውጣትና ጽሑፍ ከመላኩ በፊት ለተባባሪዎች ሁሉ በመስጠት ነው። ቀጥሎ በስኮፐስ ስሙን በየአጻጻፉ መፈለግ ይገባል። ፍለጋው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይወሰን፤ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራ መምህር የመመረቂያ ጽሑፉ ኅትመት ብዙውን ጊዜ በዚያው ተቋም ስም ተመዝግቦ ይቀራል። የተገኙት ፕሮፋይሎች እንዲዋሐዱ በስኮፐስ የማስተካከያ ቅጽ መጠየቅ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። በጉግል ስኮላር የሌላውን ሰው ሥራ አስወግዶ፣ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ በኢሜይል ፈቃድ እንዲጠይቅ ማስተካከያውን መቀየር ያስፈልጋል። አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ከታየ ሁለቱ ይዋሐዱ እንጂ አንዱ አይሰረዝ፤ የተሰረዘው ጥቅሶቹን ይዞ ይሄዳል። «አዲስ እከፍታለሁ» ብሎ ሁለተኛ ፕሮፋይል መክፈት ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል።

ምልክት፦ ጥቅሱ በአንድ ዓመት ይተኮሳል

አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ባሉት የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ላይ ተሳትፏል። ያ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከጥናቱ ጋርና ያለ ጥናቱ ተለይቶ ይቅረብ።

ሌላው መታየት ያለበት ጽሑፉ የወጣበት ጆርናል ነው፤ ጆርናሉ ከስኮፐስ ተሰርዞ ከሆነ፣ ጽሑፉ የታተመው ከመሰረዙ በፊት መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ምልክት፦ የዓመቱ ኅትመት ከዕቅዱ ጋር አይገጥምም

ስኮፐስ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሲቆጥር፣ የ2016 በጀት ዓመታችን ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጽሑፍ የወጣበት ቀን ይታይ፤ በኦንላይን ቀድሞ ወጥቶ በኋላ የጆርናል ቅጽ (ቮልዩም) ቁጥር የተሰጠው ጽሑፍም በሁለት ዓመት እንዳይቆጠር በዲኦአይ ቁጥሩ (በጽሑፉ ቋሚ ዲጂታል መለያ) ይለይ።